ሻርፑ ለጸጉሬ ነው ወይስ ለሃይማኖቴ?

የአንባቢዋ ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ጽፌ ግን አላውቅም። ዛሬ የምጽፈው የማዋየው ሰው ስላጣሁ ነው።

ዕድሜዬ 23 ነው። እናቴ ክርስቲያን ናት። ጥቁር ናት፣ ጸጉሯም እንደ እኔው ከርዳዳ ነው። አባቴ ሙስሊም ነበር። መልኩ ነጣ ያለ፣ ጸጉሩ ሉጫ። የአንድ አገር ሰዎች አይደሉም። ተዋደው ተጋቡ፣ ሁለቱም ሃይማኖታቸውን ሳይቀይሩ ኖሩ። እኔንና ወንድሜን ደግሞ ‹ስታድጉ ራሳችሁ ትመርጣላችሁ› አሉን። አልተጠመቅንም። ሰላትም በደንብ አልተማርንም። የሁለቱንም በዓል እናከብር ነበር። በልጅነቴ ከዚህ የተሻለ ቤት ያለ አይመስለኝም ነበር።

አባቴ ከስምንት ወር በፊት ሞተ። ለቅሶው ላይ የአባቴ እህት ወደ ጓዳ ወሰደችኝና ሻርፕ ሰጠችኝ። ‹ልበሺው፣ ጸጉርሽም ይሸፈንልሻል› አለችኝ። ለበስኩት። ያቺ ንግግር ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። ሙስሊም እንድሆን ነው? ወይስ የእናቴ ጸጉር ሰው ፊት እንዳይታይ ነው?

ከዚያ ወዲህ አክስቴ በደወለች ቁጥር ‹ልጄ፣ ተመለሺ› ትለኛለች። የእናቴ እናት ደግሞ ‹እንግዲህ ማን ይከለክልሻል፣ ተጠመቂ› ትለኛለች። ወንድሜ 20 ዓመቱ ነው። ቁርጥ አባቴን ነው። አሁን መስጊድ መሄድ ጀምሯል፣ ሁሉም አቅፎ ተቀበለው። እኔን ግን የአጎቴ ልጅ ‹የዚያች የጥቁሯ ልጅ› ሲለኝ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የእናቴ ዘመዶችም ቢሆኑ ስናደድባቸው ‹የእነዚያ ደም ነው› ይላሉ። ከሁለት ያጣሁ ሆኛለሁ።

እናቴ ምንም አትልም። የአባቴ መስገጃ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። በየቅዳሜው ታወርደውና አራግፋ መልሳ ትጠቀልለዋለች። ለምን እንደሆነ ልጠይቃት እልና ያቅተኛል። አንዱን ብመርጥ ሌላውን የከዳሁ ይመስለኛል። ባልመርጥ ደግሞ አስመሳይ ነኝ። ምን ላድርግ?

የሁለት ቤት ልጅ»

መልስ

ልጄ፣

ነፍስ ይማር። ፈጣሪ ያጽናሽ። ስምንት ወር ለሀዘን ገና ትናንት ማለት ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበልሽ፤ በዚህ ዓመት ምንም ነገር የመወሰን ግዴታ የለብሽም። ለምን እንደዚያ እንደምል ቆየት ብዬ እነግርሻለሁ።

ስለ ሻርፑ ልጀምር።

አክስትሽ ልብ ውስጥ ምን እንደነበረ አላውቅም። እሷ ራሷም አታውቀው ይሆናል፤ ወንድሟን የቀበረችበት ቀን ነው። «ልበሺው» ብላ ዝም ብትል ኖሮ ቅር አልሰኝም ነበር። ቁርአን በሚቀራበት ቤት ሴት ራሷን ትሸፈናለች፤ ለገዛ ልጇም ያንኑ ሻርፕ ትሰጣት ነበር። ጣጣው «ጸጉርሽም» ባለችው ላይ ነው። ያቺ አንዲት «ም» ሌላ ጉዳይ ይዛ ገባች። ያንቺ ጸጉር ከሌላው ሴት ጸጉር ተለይቶ፣ በራሱ መደበቅ ያለበት ነገር ሆነ። ጆሮሽ አልዋሸሽም። በአንድ ትንፋሽ ሁለት ነገር ነው የተነገረሽ። አንዱ ስለ እምነት፣ ሌላው ስለ ዘር።

ዛሬ ከምጽፍልሽ ሁሉ አንዱን ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይኸን ያዢልኝ፤ ሁለቱን ለያይያቸው። «ከማን ተወለድሽ» አንድ ጥያቄ ነው። «ምን ታምኛለሽ» ሌላ ጥያቄ ነው። በዙሪያሽ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ቋጥሮ ነው የሚሰጥሽ፣ አንቺም እንደተቋጠረ ተቀብለሽ አንድ መልስ ትፈልጊለታለሽ። አይገኝለትም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሳትጠየቂ የተመለሰ ነው። ነገ ጠዋት ሸሃዳ ብትይዢ ጸጉርሽ አይለሰልስም። ነገ ብትጠመቂ የአባትሽ አፍንጫ ከፊትሽ ላይ አይነሳም። የአጎትሽ ልጅ «የክርስቲያኗ ልጅ» አላለሽም። «የጥቁሯ ልጅ» ነው ያለሽ። እሱን አምስት ወቅት ሰግደሽ አትመልሺውም፤ ስለ ሰላት አይደለም የሚያወራው። ሰው ዘመድ አድርጎ እንዲቆጥርሽ ብለሽ ሃይማኖት ውስጥ ብትገቢ፣ ገብተሽም ያው ዓይን ይጠብቅሻል። ያኔ ከዘመዶችሽ ጋር ብቻ ሳይሆን ከፈጣሪሽም ጋር ትቀያየሚያለሽ።

«በትንሽ ነገር ነው የተከፋሁት» ብለሽ ራስሽን እንዳትወቅሺ ደግሞ ስለ ጸጉር አንድ ነገር ልንገርሽ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ደቡብ አፍሪካ በ1950 ሰውን ሁሉ በዘር መድቦ የሚመዘግብ ሕግ አወጣች። መልኩ የሚያጠራጥር ሰው ሲመጣ ከሚደረጉት ነገሮች አንዱ የእርሳስ ፈተና የሚባለው ነበር። እርሳስ ጸጉሩ ውስጥ ይሰካል። እርሳሱ ተንሸራቶ ከወደቀ ነጭ ነው ይባላል። ጸጉሩ ይዞ ካስቀረው ነጭ አይደለም። በዚህ ዓይነት ምደባ የአንድ ቤት ልጆች የተለያየ ዘር ተብለው ተመዝግበዋል። የት ሰፈር እንደምትኖሪ፣ የት እንደምትማሪ፣ ማንን እንደምታገቢ የሚወስነው ያ ምድብ ነበር። የምዝገባው ሕግ የተሻረው በ1991 ነው። ኮሜዲያኑ ትሬቨር ኖአ በ1984 ጆሃንስበርግ ሲወለድ እናቱ ጥቁር፣ አባቱ የስዊዘርላንድ ነጭ ስለነበሩ ግንኙነታቸው በሕግ ወንጀል ነበር። ክልከላው የተነሳው በ1985፣ እሱ ገና ጨቅላ ሳለ ነው።

አሜሪካም ቢሆን የራቀ ታሪክ አይደለም። ሚልድረድና ሪቻርድ ላቪንግ የተባሉ ባልና ሚስት በ1958 ዋሽንግተን ሄደው ተጋብተው ወደ ቨርጂኒያ ተመለሱ። ፖሊስ በሌሊት መኝታ ቤታቸው ገብቶ ያዛቸው። እሱ ነጭ ነው። እሷ ከጥቁሮችና ከቀደምት የአገሩ ነዋሪዎች የተወለደች ናት። ጥፋታቸው ይኸው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1967 ሲፈርድላቸው እንዲህ ዓይነት ጋብቻ የሚከለክል ሕግ የነበራቸው ግዛቶች 16 ነበሩ።

ሕጎቹ ተነሱ። ዓይኑ ግን ቀረ። አክስትሽ እርሳስ አልያዘችም፤ ያየችው ግን ያንኑ ነው። ስለዚህ ቢያምሽ አትፈሪበት።

አሁን «ከሁለት ያጣሁ» ወዳልሽው ልምጣ። «ሁለት ባህል አለሽ፣ ታድለሽ» ብዬ አላጽናናሽም። ይህን ሰዎች ደጋግመው እንደሚሉሽ እገምታለሁ። በቅን ልቦና ነው የሚሉት፤ ግን አፍ ያስይዛል። «ታድለሽ» ከተባልሽ በኋላ እንዴት ብለሽ «የአጎቴ ልጅ ሰደበኝ» ትያለሽ? ያንቺ ችግር የሥር ማነስ አይደለም። ሥርሽን ሌሎች እየቆረሱ ሲፈልጉ የሚሰጡሽ፣ ሲቆጡ የሚነጥቁሽ መሆናቸው ነው። የእናትሽ ዘመዶች ደስ ስትያቸው የእነሱ ነሽ፤ ስትቆጪ «የእነዚያ ደም» ትሆኛለሽ። ይህ ስለ ደም ምንም አይናገርም። ማንም ሰው፣ የአጎትሽ ልጅም ጭምር፣ 23 ክሮሞዞም ከእናቱ፣ 23 ከአባቱ ወስዶ ነው የተወለደው። ቁጣሽ ከየትኛው ወገን እንደመጣ በደም ምርመራ የሚያሳይሽ ሰው የለም።

ራስሽን በምን ስም እንደምትጠሪ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ይህም ቢሆን በቀላሉ የመጣ መብት አይደለም። በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ላይ ሰው ከአንድ በላይ ዘር ምልክት እንዲያደርግ የተፈቀደለት ገና በ2000 ነው። በዚያ ዓመት 6.8 ሚሊዮን ሰው ከአንድ በላይ ሞላ። በ2020 ቁጥሩ 33.8 ሚሊዮን ሆነ። ሁሉም አዲስ የተወለደ አይደለም፤ መልሶች የሚመዘገቡበት መንገድም ተቀይሯል። ባራክ ኦባማ እናታቸው ነጭ አሜሪካዊት፣ አባታቸው ኬንያዊ ናቸው። በ2010 ቅጹ ሲደርሳቸው ሁለቱን መሙላት እየቻሉ «ጥቁር» የሚለውን ብቻ ሞሉ። ያዘኑባቸው ሰዎች ነበሩ። እኔ ግን አልተከፋሁባቸውም። በሕይወታቸው ሙሉ ሰው ያያቸው እንዴት እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ። ሌላው ደግሞ በዚያው ሁኔታ ላይ ሆኖ ሁለቱን ይሞላል። እሱም ልክ ነው።

ማሪያ ሩት የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1993 ከተለያየ ዘር የተወለዱ ሰዎች ያሏቸውን መብቶች ጽፈው ነበር። ከውስጡ ሁለቱን ላንቺ መርጫቸዋለሁ። አንደኛው፣ በዚህ ዓለም ላይ መኖሬን ለማንም የማስረዳት ግዴታ የለብኝም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ እህትና ወንድሜ ራሳቸውን ከሚጠሩበት በተለየ ስም ራሴን መጥራት እችላለሁ ይላል።

ይህ ሁለተኛው ወደ ወንድምሽ ይወስደኛል። በደብዳቤሽ ስለ እሱ የጻፍሽው ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ ቅሬታሽ ግን ይሰማል። «ሁሉም አቅፎ ተቀበለው» ብለሻል። እስቲ በእሱ ቦታ ሆነሽ እይው። መልኩ አባቱን ስለሆነ ሰው እንደ ራሱ ወገን ቆጥሮት አጠገቡ እንደልቡ ያወራል። አንቺ ስትገቢ የሚቆመው ወሬ እሱ ሲገባ አይቆምም። ስለ «ጥቁሯ» ሲወራ፣ ስለ ገዛ እናቱ፣ እሱ ፊት ነው የሚወራው። 20 ዓመቱ ነው። ያኔ ምን እንደሚል፣ ወይም ዝም ብሎ ሲወጣ ምን እንደሚሰማው አንቺ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? የተቀበሉት እምነቱን ነው ወይስ መልኩን የሚለው ጥያቄ እሱንም እንቅልፍ የሚነሳው ይመስለኛል። መስጊድ መሄዱ እናቱን መተው አይደለም። አምኖበት ከሆነ ደስ ይበልሽ። አባቱን ፍለጋ ከሆነም አትፍረጂበት። አንቺ ጋ ሲመጣ ግን «ከዳኸን» የሚል ፊት አይጠብቀው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ምን ታምኛለሽ?

አክስትሽ «ተመለሺ» ሲሉሽ፣ አያትሽ «ተጠመቂ» ሲሉሽ፣ ሁለቱ የተለያየ ቃል የተጠቀሙት ያለ ምክንያት አይደለም። በእስልምና ሕግ የሙስሊም አባት ልጅ ከልደቱ ጀምሮ ሙስሊም ተብሎ ይቆጠራል። ሙስሊም ወንድ ክርስቲያን ወይም አይሁዳዊት ሴት ማግባት የተፈቀደለትም ልጆቹ በእሱ ሃይማኖት ይሆናሉ ተብሎ ነው። ስለዚህ በአክስትሽ ዓይን አንቺ አዲስ ገቢ አይደለሽም፣ ከቤት የራቅሽ ልጅ ነሽ። «ተመለሺ» ያሉሽ ለዚህ ነው። ክርስትና ደግሞ በር አለው፤ በሩ ጥምቀት ነው። እናትሽ የቱንም ያህል አማኝ ብትሆን አንቺ ካልተጠመቅሽ በአያትሽ ዓይን ገና ደጅ ቆመሻል። በአይሁድ ዘንድ ቢሆን ኖሮ የሚታየው እናት ናት፤ የአሜሪካ ለዘብተኞቹ አይሁዶች በ1983 የአባትንም ወገን እስኪቀበሉ ድረስ ዋናው ሕግ ይኸው ነበር፣ በሌሎቹ ዘንድ ዛሬም ነው። አየሽ፣ አንድ ልጅ ናት። አንዱ ቤት ሳትጠየቅ አባል ናት፣ ሌላው ቤት ሳትጠመቅ እንግዳ ናት። ይህን ብታውቂ የሁለቱ ሴቶች ንግግር ትንሽ ይቀልልሻል ብዬ ነው። አክስትሽ የያዙሽ እየመሰለሽ ነው የምትታፈኚው። እሳቸው ግን መብታቸውን የጠየቁ ይመስላቸዋል። አያትሽም የቸኮሉት ልጅ ልጃቸው ደጅ እንዳትቀር ነው።

ግን ሁለቱም መጻሕፍት ከሁለቱ ሴቶች ይልቅ ይታገሣሉ። ቁርአን በሁለተኛው ምዕራፍ «በሃይማኖት ማስገደድ የለም» ይላል። በራእይ መጽሐፍ ላይ ያለው ክርስቶስም «እነሆ በደጅ ቆሜ አንኳኳለሁ» ነው የሚለው። አንኳኳለሁ ነው ያለው፤ ገፍቼ እገባለሁ አላለም።

እዚህ ላይ የባለቤቴን ነገር ልንገርሽ፤ ፈቅዶልኛል። እሱም የሁለት ሃይማኖት ቤት ልጅ ነው። እናቱ ሙስሊም ነበረች። ስትሞት 19 ዓመቱ ነበር። የአባቱ ዘመዶች ቢያጽናኑኝ ብሎ፣ ቢያቅፉኝ ብሎ፣ ዓመት ሳይሞላ ተጠመቀ። አቀፉት። ከዚያ በኋላ ለስድስት ዓመት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ድረስ እየሄደ አጥሩን ተደግፎ ይቆም ነበር። መግባት ያሳፍረዋል። «አፌ ያለውን ልቤ አልሰማውም ነበር» ይላል። በኋላ ቁጭ ብሎ ተማረ፣ ጠየቀ፣ ተከራከረ፣ አመነ። ዛሬ አማኝ ነው። ግን ያመንኩበት ብሎ የሚቆጥረው ዓመት የተጠመቀበትን አይደለም። «በዚህ ዓመት አትወስኚ» ያልኩሽ ለዚህ ነው። ሀዘን ላይ ያለ ሰው እቅፍ ይፈልጋል፣ የእቅፉን ሙቀት ደግሞ ከእምነት ለይቶ ለማወቅ ይቸገራል። ለጋብቻ ብለሽም እንዲሁ አታድርጊው፤ ሰው ሲጠይቅሽ ታስታውሺኛለሽ።

ጄምስ ማርሲያ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር በ1966 ስለ ወጣቶች ማንነት ሲጽፍ አራት ሁኔታዎችን ለይቶ ነበር፤ ሁለቱን ልንገርሽ። አንደኛው ሳይመረምሩ በሌላ ሰው ውሳኔ ጉዳዩን መዝጋት ነው። ሌላው ጊዜ ወስዶ እየፈተሹ መቆየት ነው። አንቺ ያለሽው ሁለተኛው ላይ ነው። «አስመሳይ ነኝ» ብለሻል። አይደለሽም። አስመሳይ ማለት የማያምንበትን በአፉ የሚል ሰው ነው። አንቺ ያልሽው «ገና አላውቅም» ነው። ይህ ከእውነት የወጣ አንድም ነገር የለበትም።

ይህን ስል ግን «ሁሉም አንድ ነው፣ ሁለቱንም ያዢ» ማለቴ አይደለም። ሁለቱ ሃይማኖቶች የሚጋሩት ብዙ ነው፤ አብርሃም፣ ሙሴ፣ ማርያም። ስለ ኢየሱስ ማንነት ግን ቁርጥ ያለ ልዩነት አላቸው። አንዱ ቤት የፈጣሪ ልጅና አምላክ ነው ይላል፣ ሌላው ቤት ታላቅ ነቢይ ነው ይላል። በሁለት ቤት ያደገ ልጅ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፣ በቃላት መሸፈንም ያናድደዋል። ስለዚህ አንድ ቀን መልስ መስጠትሽ አይቀርም። አንዱን ልትይ ትችያለሽ፣ ሁለቱንም አይደለም ልትይ ትችያለሽ። ብቻ መልሱ የራሱ የሃይማኖቱ ጥያቄ መልስ ይሁን። እስከዚያው ተማሪ። አንድ የታመነ ሼህ፣ አንድ የታመነ ቄስ ፈልገሽ ለመጠየቅ የማትደፍሪውን ሁሉ ጠይቂ። ለመመዝገብ ሳይሆን ለማወቅ እንደመጣሽ በግልጽ ንገሪያቸው። ይህን ሰምቶ የሚቆጣ መምህር ካጋጠመሽ ሌላ ፈልጊ።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ነገር በቅንፍ ላንሳ። በሸሪዓ ሕግ ውርስና ጋብቻ ሃይማኖትን ይከተላሉ፤ ሃይማኖት የተለያየ እንደሆነ መውረስ የለም። አገሩ በዚያ ሕግ የሚሠራ ከሆነ፣ አባትሽም የተዉት ነገር ካለ፣ «ሙስሊም ነኝ» ወይም «አይደለሁም» የሚል ወረቀት ላይ ከመፈረምሽ በፊት የሕግ ሰው አማክሪ። እናትሽንም ይዘሻት ሂጂ።

ወላጆችሽን መውቀስ አልፈልግም፤ ግን ሌሎች ወላጆችም ስለሚያነቡኝ ልናገር። «ስታድጉ ትመርጣላችሁ» የሚለው ቃል ፍትሐዊ ይመስላል። ልጅ ግን የሚሰማው «ስታድጉ ከሁለታችን አንዳችንን ትመርጣላችሁ» የሚለውን ነው። ሙሉው ቃል መሆን የነበረበት፣ «የፈለጋችሁትን ብትሆኑ አንዳችንም አንከፋም፤ እናትሽም እናት፣ አባትሽም አባት ሆነው ይቀጥላሉ» የሚል ነው። ይህ ሁለተኛው ግማሽ ሳይነገርሽ አባትሽ ሞተ። የከዳሽ የመሰለሽ ለዚህ ነው።

ለዘመዶችሽ ምን ትያለሽ? ለአክስትሽ ሁለቱን ነገር ለይተሽ ንገሪያቸው። «አክስቴ፣ ስለ ሃይማኖት መጠየቅሽ አያስከፋኝም፣ ጊዜ ስጪኝ። ስለ ጸጉሬ ያልሽው ግን አመመኝ። እናቴን ነው ያልሽው።» በቃ ይህን ያህል ነው። ስልኩ ላይ ዝም ካሉ ዝምታውን አንቺ አትሙይው። ለአጎትሽ ልጅ ደግሞ ከራሱ ሃይማኖት መልስ አለ። የነቢዩ ባልደረባ አቡዘር በአንድ ወቅት አንድን ሰው በእናቱ ሰድቦ ነበር። ነቢዩ ሲሰሙ «በእናቱ ነወርከው? አንተ ገና ጃሂሊያ ያለብህ ሰው ነህ» አሉት። ጃሂሊያ ማለት ከእስልምና በፊት የነበረው የድንቁርና ዘመን ነው። በቡኻሪ የሐዲስ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ይህን ራስሽ ከምትነግሪው ወንድምሽ ቢነግረው ይሻላል።

ለአያትሽም ከራሳቸው መጽሐፍ አለሽ። ጢሞቴዎስ እናቱ አይሁዳዊት፣ አባቱ የግሪክ ሰው ነበር። የሐዋርያት ሥራ 16 ላይ እንደተጻፈው በዚያ አገር የነበሩ አይሁዶች ሁሉ አባቱ ግሪካዊ እንደነበረ ያውቁ ነበር። ያኔም ሰው የማን ልጅ ነው ብሎ ያወራ ነበር ማለት ነው። ጳውሎስ በኋላ ሲጽፍለት ግን እምነቱን ያስታወሰው በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ ስም ነው። ሁለቱ ሴቶች ምን እንዳስተማሩት፣ እንዴት እንደኖሩ እያየ ነው ያመነው። «እማማ፣ እንደ ሎይድ ሁኚልኝ» በያቸው። መጽሐፋቸውን ስለሚያውቁ ይገባቸዋል።

እናትሽን ወደ መጨረሻ ያቆየኋት ስለከበደኝ ነው። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ ሳነበው ሦስቴም የቆምኩት ቅዳሜው ላይ ነው። ክርስቲያን ሴት ናት። ባሏ የለም። የእሷ ያልሆነ የጸሎት ምንጣፍ በየሳምንቱ ከቁም ሳጥን ላይ ታወርዳለች፣ ታራግፋለች፣ ጠርዙን አስተካክላ ትጠቀልላለች። ማንም አላዘዛትም። አብራው የኖረችውን ዓመታት ሁሉ ሳትሰግድበት ጠብቃዋለች። አንቺ «አንዱን ብመርጥ እናቴ ምን ትላለች» ብለሽ ትጨነቂያለሽ። እኔ ደግሞ ይህች ሴት ዓይኗ እያየ አንድ ልጇ በዚያ ምንጣፍ ላይ ቢቆም ምን ትላለች ብዬ አሰብኩ። መልሱን እኔ አልነግርሽም፤ እሷ ናት የምትነግርሽ። ግን የከዳሻት የሚመስላት ሴት እንደዚያ አታራግፍም።

በሚመጣው ቅዳሜ ስታወርደው ጠብቂያት። አጠገቧ ሂጂና አንደኛውን ጫፍ ያዢላት። «የቱን ልምረጥ» ብለሽ አትጠይቂያት። ሸክም ይሆንባታል። እሱ ሲሰግድ እሷ የት ትቀመጥ እንደነበር ጠይቂያት። እሷ ስትጸልይ እሱ ምን ያደርግ እንደነበር ጠይቂያት። መጀመሪያ የተጣሉት በምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደታረቁ ጠይቂያት። ወንድምሽ ቤት ካለ ጥሪው። ሻርፑንም፣ «ጸጉርሽም» የተባልሽውንም ንገሪያት። እስከ ዛሬ ያልነገርሻት እንዳይከፋት ብለሽ ነው፤ ይህ ጸጉር ግን ካንቺ በፊት የእሷ ነበር፣ ብዙ ሰምቶ ያውቃል።

ከዚያ ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ።